የፈረስ መጋላዋ ትንሽ ፔጆ ከየት መጣች? ስንትስ ታወጣለች?

ከረጂዎቻችን መካከል ሐረርን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቋት ስላሉ ከቦታው ልጀምር። ፈረስ መጋላ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ አደባባይ ነው። መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ድሮ ፈረስ ይሸጥበት ነበር። በሐረር በር የገባ መኪና ሰፊውን መንገድ ይዞ የሚደርሰው እዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠባል። ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ "መኪና" የተባለው የስፌት መኪናው ነው፣ ግርግሩም የእሱ ድምፅ። የከተማው ልጆች ይህን ሁሉ ስለምታውቁት ይቅርታ።

ፈረሱ ከሄደ በኋላ አደባባዩን የያዘው ፔጆ 404 ነው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ተሰልፎ ይቆማል፤ ከእኔ ዕድሜ በላይ ያገለገለው ብዙ ነው። የውጭ ጋዜጠኞች ሳይቀሩ መጥተው ጽፈውበታል። እኛ ግን ለቅሶ፣ ሠርግና ሆስፒታል የምንሄድበት ስለሆነ ታሪክ አለው ብለን አናየውም። እኔም አላየሁትም ነበር፣ የብድር ኮሚቴው ሥራ እስኪያመጣብኝ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን ከተዘዋዋሪ ፈንዱ 30,000 ብር ብድር ጠየቁ። ልጃቸው መኪና ግርግር ከአንድ ሰፊ ጋር ትሠራለች፤ ጠርዝ የሚሰፋ የኦቨርሎክ መኪና ብትገዛ የራሷን ሥራ ትይዛለች። ማመልከቻው በሥርዓት ተሞልቷል። "መያዣ" በሚለው ቦታ ላይ "አንድ ፔጆ 404 መኪና፣ የፈረንሳይ ሥራ" ተብሎ ተጽፏል። ኮሚቴው ደስ አለው፤ ባለ መኪና ተበዳሪ በየቀኑ አይገኝም። ሊብሬ ይዘው እንዲቀርቡ ተጠሩ። በቀጠሮው ቀን እናታችን መጡና ከነጠላቸው ጫፍ መሐረብ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ርዝመቷ 10 ሳንቲም ያህል የሆነች የመጫወቻ መኪና ናት።

የሳቅን አለን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ አንሥተው ለአንድ ደላላ አሳይተው ኖሯል፤ 2,500 ብር ሰጥቷቸዋል። አንድ የጎረቤት ወጣት ደግሞ "እማማ እንዳይሸጡ፤ እንዲህ ያለችው ውጭ አገር በሚሊዮን ብር ትሸጣለች፣ በስልኬ አይቻለሁ" ብሏቸዋል። ከ2,500 እስከ ሚሊዮን! የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ እኔ ዞራ "ዋጋ የአንቺ ሥራ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። በ2,500 ተሸጣ ሚሊዮን የምታወጣ ብትሆን እናታችን ተዘርፈዋል፤ በሚሊዮን ታምና 2,500 የምታወጣ ብትሆን ደግሞ በሳምንት በሳምንት ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ያለ መያዣ አበድረናል። የሁለት ወር የእረፍት ሰዓቴን ሰጠኋት።

ትልቋን ሳያውቁ ትንሿን ማወቅ ስለማይቻል ከትልቋ ጀመርኩ። ፔጆ 404ን የፈረንሳዩ ፋብሪካ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ከኋላ ሁለት ክንፍ የመሰለ ጠርዝ ያላት ለዚህ ነው፣ የዘመኑ ፋሽን ነበር። ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሲሆን ወደ ጎን ተዘንብሎ የተቀመጠ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቆመ፤ በሌሎች አገሮች ግን ከዚያም በኋላ ሲገጣጠም ቆይቷል። ስሟን በአፍሪካ ያስጠራው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በ1963 እና በ1968 ከዘጠና ገደማ መኪኖች ጭቃውንና ጎርፉን አልፈው የጨረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ በሁለቱም ጊዜ ከፊት የነበረችው 404 ናት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣውን ዳገት ለሚያውቅ ባለታክሲ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ለምን ሐረር ላይ ቀረች ለሚለው የጋራዥ ሰዎች መልስ አላቸው፤ "ላሜራዋ ወፍራም ነው፣ ሞተሯን በመዶሻና በቁልፍ ትፈታዋለህ" ይላሉ። እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ሌላውን ምክንያት እጨምራለሁ። በአገራችን መኪና በቀረጥና በታክስ ከፋብሪካ ዋጋው በላይ ተጭኖበት ሲገባ የኖረ ዕቃ ነው። አዲስ መግዛት ለባለታክሲ ከባድ ሲሆን አሮጌውን መጠገን ያዋጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ይበልጥ አስወደደው። በመማሪያ መጽሐፋችን መኪና በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይደረግበትና ዋጋው ዜሮ ይደርሳል። ፈረስ መጋላ ላይ የቆሙት ፔጆዎች በመጽሐፉ ሕግ ዋጋቸው ያለቀው ከስንት መንግሥት በፊት ነው፤ ዛሬም ጠዋት ተነሥተው እንጀራ ያመጣሉ።

አሁን ወደ ትንሿ። ሆዷን ገልብጬ በማጉያ መነጽር አየሁት። የመኪናዋ ስም፣ የሠሪው ስምና ፈረንሳይ የሚል ጽሑፍ በብረቱ ላይ ታትሟል። ሠሪው ዲንኪ ቶይስ ነው። ይህ ስም የተወለደው ፈረንሳይ ሳይሆን እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ውስጥ ነው። ፍራንክ ሆርንቢ የሚባል ሰው መካኖ የተባለውን የብሎንና የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ ፈለሰፈ፤ ቀጥሎ የመጫወቻ ባቡር ሠራ። ለባቡሩ ጣቢያ ማሳመሪያ እንዲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትንንሽ መኪኖች መሥራት ጀመረ፤ በ1934 ዲንኪ ቶይስ ተባሉ። የፈረንሳዩ ፋብሪካ ደግሞ ፓሪስ አጠገብ ቦቢኒ በሚባል ቦታ ነበር፤ የፈረንሳይ መኪኖችን በብዛት የሠራው እሱ ነው። 404ን እ.ኤ.አ. በ1961 ገደማ አወጣ፤ በካታሎጉ ቁጥሯ 553 ነው።

ከባቡር መምጣቷ ትንሽ ያስደንቃል። እነዚህ መኪኖች ከእውነተኛው 43 ጊዜ ያንሳሉ። ለምን 40 ወይም 50 አልሆነም? የሆርንቢ ባቡር ልክ እሱ ስለነበረ ነው። ፈረስ መጋላ ወርጄ በሜትር ለካሁ፤ ባለታክሲው "እህቴ፣ ልትገዢ ነው ወይስ ልትከሺኝ?" አለኝ። ከ4 ሜትር ከ40 ሳንቲም ትንሽ አለፈች። ለ43 ሲካፈል 10 ሳንቲም ከምናምን ይመጣል። የትንሿ ልክ ነው። ሂሳብ የሚገጥምበት ቀን ደስ ይላል።

ግን ጽሑፍ ብቻውን አያሳምንም። አትላስ የተባለ አሳታሚ በቅርብ ዓመታት አሮጌዎቹን የዲንኪ መኪኖች በቻይና እንደገና አሠርቶ ለሰብሳቢዎች በፖስታ ሲሸጥ ቆይቷል። ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ሣጥኑ ሳይቀር አሮጌውን ተከትሎ የተሠራ ነው። እንዲያውም በግልጽ ስለሚሸጥ የማጭበርበር ዕቃ ሊባል አይችልም። ችግሩ የሚመጣው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው እጅ በኋላ ነው፤ ያኔ አዲስ መሆኑን የሚናገር ሰው ይጠፋል።

ይህን ለኮሚቴው ሳስረዳ አባላቱ ወዲያው የገባቸው በማርትሬዛ ነው። ጠገራ ብር በአያቶቻችን አንገትና ሣጥን ያላየች ሐረር ውስጥ የለችም። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ በ1780 ቪየና የተመታውም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም "1780" ይላል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ መታች። ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ብራስልስም፣ ቦምቤይም መትተዋል። ሁሉም 28 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ከሺው 833 እጅ ብር ናቸው። ለአንጥረኛ ሁሉም አንድ ነው፤ ይመዝነዋል፣ ያቀልጠዋል፣ አምባር ያደርገዋል። ለሰብሳቢ ግን አንድ አይደለም፤ የነጥቧን ቦታ፣ የጌጧን ዕንቁ፣ የፊደሏን ቅርጽ አይቶ የየት ማተሚያ መሆኗን ይለያል፤ ዋጋውም በዚያው ይለያያል። የኋለኛው ሐሰተኛ አይደለም። የመጀመሪያው ግን አይደለም።

ትንሿ ፔጆ ከየትኛው ወገን ናት? የሠሪው ስም በአዲሱም ላይ ሊኖር ስለሚችል ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጎማዎቿ የራሷ አይደሉም፤ ከከመነዳሪ በመቀስ ተቆርጠው የገቡ ናቸው፤ ላስቲኩም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የፊት መስታወቷ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል። ብረቷ ግን ደህና ነው። እነዚህ መኪኖች የሚሠሩት ከዚንክና ከጥቂት ሌላ ብረት ከተቀላቀለ ማዕድን ነው፤ በሚቀልጥበት ጊዜ እርሳስ ከገባበት ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተሰነጠቀ ይፈረፈራል። ሰብሳቢዎች እንደ በሽታ ነው የሚያወሩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ጠፍተዋል፤ የ1960ዎቹ ከዚህ ተርፈዋል።

ትልቁ ጥያቄ የቀለሟ ነበር። ቦቢኒ ያሉ ሰዎች ሰማያዊና ነጭ የሐረር ታክሲ አልሠሩም። ትንሿ ግን ከወገቧ በታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ናት፤ በብሩሽ ተቀብታለች፤ በበሩ አጠገብ ሰማያዊው ትንሽ ፈስሶ ደርቋል። ይህ ለሰብሳቢ ትልቅ ጉድለት ነው። በዚህ ዓለም ውድ የሚባለው የፋብሪካ ቀለሙን የያዘ፣ ልጅ ያልተጫወተበት፣ ከነሣጥኑ የተቀመጠ ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ የሚገርም ገበያ ነው፤ መጫወቻ ዋጋ የሚኖረው ካልተጫወቱበት ነው። ሣጥኑ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ብቻውን ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

የጎረቤቱ ወጣት ስለ ሚሊዮን ያወራው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት የዲንኪ የዕቃ ማመላለሻ መኪና እንግሊዝ አገር በጨረታ ወደ 20 ሺህ ፓውንድ ተሸጣለች። ነገር ግን እሷ ከጦርነቱ በፊት የተሠራች፣ በጎኗ የአንድ ሱቅ ስም የተጻፈባት፣ አቻዋ የማይገኝ ናት። ቁጥር 553 በብዛት ተመርታለች። ንጹሕና ከነሣጥኗ የሆነችው እንኳ በአስርና በመቶ ዩሮ የምትቆጠር እንጂ በሺህ አይደለችም። ሣጥን የሌላት፣ ጎማ የተተካላት፣ በእጅ የተቀባችው ደግሞ ከዚያም እጅግ ዝቅ ትላለች። ይህን ለእናታችን መንገር ከበደኝ። ሻይ ጠጥተው ሲጨርሱ ነገርኳቸው። "እንግዲህ ደላላውም አልዋሸኝም በያ" ብለው ዝም አሉ።

በዚሁ መሐል ሌላ ገዢ በአስጎብኚ በኩል መጣ። ሰውየው ሰብሳቢ ነው፤ ዋጋውን እጥፍ አደረገና አንድ ነገር አከለ፤ ቀለሟን በኬሚካል አጥቦ፣ በፋብሪካው ቀለም ዓይነት አስቀብቶ፣ አዲስ ጎማ አግብቶላት "ወደ ጥንቷ" እንደሚመልሳት። በአነጋገሩ ክፋት የለበትም፤ በሙያው የሚደረግ ነው። እኔ ግን ያኔ የሰማያዊው ቀለም ነገር ውስጤ ገባ። ማን ቀባት? መቼ? ካልታወቀ የታጠበው ቀለም ነው፤ ከታወቀስ?

ከየት እንደመጣች ሦስት ወሬ ነበር። እናታችን ከባለቤታቸው የሰሙት፣ አማታቸው ማለትም የባለቤታቸው አባት ከድሬዳዋ እንዳመጧት ነው። የባለቤታቸው እህት ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ ተሳፋሪ ለታክሲ ነጂው በጉርሻ መልክ እንደሰጣት ትናገራለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ ነው ይላሉ፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ዕቃ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ሦስቱም ወሬዎች አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ የባቡሩ መንገድ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተማችንን ትቶ በሜዳው አለፈ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚያ ምክንያት ነው። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ነበር፤ ፈረንሳዮች ከነቤተሰባቸው ድሬዳዋ ከዚራ ኖረዋል። የፈረንሳይ ዕቃ፣ ከመርፌ እስከ መጫወቻ፣ ወደ ሐረር የሚመጣው ከዚያ በመኪና ነበር። ስለዚህ ማን እንደሰጣት ባይረጋገጥም በየት እንደመጣች ብዙ አያከራክርም።

ደረሰኝ የሌለው ወጪ በምስክር ይያዛል። እናታችን አልበም እንዲያመጡ ጠየቅኳቸው። ከብዙ የሠርግ ፎቶ መሐል አንድ ጥቁርና ነጭ ወጣ። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ፎቶ ቤት ውስጥ በተሳለ መጋረጃ ፊት ቆሟል፤ ቁምጣ ለብሷል፣ አንድ ካልሲው ወርዷል። ልጁ ያረፉት ባለቤታቸው ናቸው። በቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ያጣበቃት ትንሿ ፔጆ ናት። ፎቶው ቀለም የለውም፤ ግን ከታች ጥቁር፣ ከላይ ነጭ መሆኗ በግልጽ ይታያል። ከጀርባው በእስክርቢቶ "ጥር 1962" ተብሏል። በዚያን ጊዜ ተቀብታ አልቃለች ማለት ነው። የቻይናው ዕቃ ጥያቄም እዚህ ላይ ተዘጋ፤ ያኔ የአትላስ የቻይና ዕቃ ገና አልነበረም።

ቀለሙስ? እዚህ ላይ የረዳን አንድ ጋሼ የምንላቸው የጋራዥ ባለሙያ ናቸው። በልጅነታቸው በዚያ ቤተሰብ ታክሲ ላይ ረዳት ነበሩ። "አባትየው ታክሲዋን ሲያስቀባ ከጣሳው የተረፈውን ለልጁ መጫወቻ ቀባለት፤ ልጁ 'የአባዬ መኪና ትምሰል' ብሎ አልቅሶ ነበር" አሉን። ቆንጆ ወሬ ነው፤ ግን ወሬ ነው። የትንሿ ሰማያዊ ደግሞ ዛሬ ፈረስ መጋላ ከሚታየው ሰማያዊ ይጠቁራል፤ ይህ አሳሰበኝ። ጋሼ ሳቁብኝ። "ያቺ መኪና እኮ አለች" አሉ።

አለች። ባለቤታቸው ከመታመማቸው በፊት ሸጠዋት፣ ከዚያም ሁለት እጅ ተላልፋ፣ እስከ ዛሬ ከአደባባዩ ትሰለፋለች። ባለቤቱን ለምነን ጋራዥ አስገባናት። ጋሼ የኋላ በሯን ከፍተው የበሩን ጎማ በዊንጣ መፍቻ ቀስ አድርገው አነሡት። ከጎማው ሥር፣ ፀሐይና ብሩሽ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቧል፤ ላይኛው የዛሬው ብሩህ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ ማሰሪያ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከሁሉ በታች የፋብሪካው። ትንሿን አጠገቡ አስጠጋናት። ጠቆር ያለው ሰማያዊ ነው። ላቦራቶሪ የለንም፤ ግን አራት ሰው በፀሐይ ብርሃን አይቶ አራቱም አንድ ነው አለ። እናታችን በሩን ይዘው ቆመው ነበር። ወንበሩን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉትና "ይኼ ጨርቅ የእኔ ስፌት ነው" አሉ። ባለ መኪናው እንኳ አያውቅም ነበር። የልጃቸው እጅ ከማን እንደመጣ ገባኝ።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ገበያ ዋጋዋ ነው፤ በእኔ ግምት ደላላው ከሰጠው ብዙ አትርቅም፤ ስለዚህ ለ30,000 ብር መያዣ አትበቃም ብዬ ፈረምኩ። ሁለተኛው ገጽ ስለ አመጣጧ ነው፤ የት ተሠራች፣ በየት መጣች፣ መቼ ተቀባች፣ በምን ተረጋገጠ፤ የፎቶው ቅጂና የበሩ ቀለም ፎቶ ተያይዟል። ታጥባ ከተቀባች ግን ይህ ገጽ በሙሉ እንደሚሰረዝ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እንደ እሷ ያለች ቁጥር 553 በዓለም ላይ በሺህ የምትገኝ ትሆናለች፤ እንደ አሁኗ ያለችው ግን አንዲት ናት። የኮሚቴው አንዳንድ አባላት "አንዲት ከሆነች ለምን አትወደድም?" ብለው ተከራከሩኝ። ደግ ክርክር ነበር። መልሴ፣ ዋጋ ለመሆን አንዲት መሆን አይበቃም፣ የሚፈልጋት ሁለተኛ ሰውም መኖር አለበት የሚል ነው። ዛሬ የምትፈለገው በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ሐረር አንድ ቀን የታክሲዎቿን ታሪክ የሚያሳይ ክፍል ብትከፍት ሁለተኛው ፈላጊ ይገኛል፤ ያኔ ሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያውን ይለውጠዋል። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ግንቡን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ፔጆዎቹን ሳያነሣ አይመለስም። ስለዚህ ሐሳቡ ቅዠት አይመስለኝም።

ብድሩ ሌላ መንገድ አገኘ። አፎቻቸው ውስጥ ያሉ አራት ሴቶች ከእሳቸው ጋር አምስት ሆነው በቡድን ዋስትና ፈረሙ፤ በደንባችን ይህ ከመያዣ እኩል ነው። እውነቱን ለመናገር ከጅምሩም ይህን ቢጠይቁ ይበቃቸው ነበር፤ "ሰው ለማስቸገር አፍሬ ነው" አሉን። የኦቨርሎኩ መኪና በጥቅምት ተገዛ። እስከዚህ ጋዜጣ መታተም ድረስ የአራት ወር ክፍያ በጊዜው ገብቷል። ሰብሳቢው ገዢ በድጋሚ ጠይቆ ነበር፤ እናታችን "ሳትታጠብ ከሆነ እናስብበታለን" አስብለው ላኩበት፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።

አንድ ማሳሰቢያ። በየቤታችሁ አሮጌ ታክሲ የሚታይበት ፎቶ፣ የድሮ ሊብሬ፣ የጋራዥ ደረሰኝ ወይም የመለዋወጫ ሣጥን ካለ እባካችሁ እንዳትጥሉት። ወደ ቢሮ ብታመጡት ፎቶ አንሥቼ ወዲያው እመልሳለሁ። ከጀርባው ቀን ካለበት በተለይ ደስ ይለኛል፤ ቀን የሌለበትም ቢሆን የማን እንደሆነና ማን እንዳነሣው በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አምጡ።